ዳግም የሚሞላ ባትሪ መቼ ይለወጣል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። ማናቸውም ነገር ከመበላሸቱ አስቀድሞ ምልክቱን አይቶ ለሚጠነቀቅ ሰው ሁሉ የተሰጠ ምክር ነው። እኔም በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት ነገር በመልኩ ታናሽ ሲሆን በሥራው ግን በየቤታችን የገባ ዕቃ ነው፤ ይኸውም እየተሞላ የሚሠራው ባትሪ ነው። የጽሑፌም ጥያቄ፣ እንዲህ ያለው ባትሪ ማርጀቱ በምን ይታወቃል? መለወጥስ ያለበት መቼ ነው? የሚል ነው።

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ ለነጋዴና ለጠጋኝ እንጂ ለእኛ ምን ይረባናል ብላችሁ አትለፉት። እኔ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርሁት ከመጽሐፍ ተነሥቼ ሳይሆን በቤታችን ከደረሰ ጉዳት ተነሥቼ ነውና አስቀድሜ እርሱን እነግራችኋለሁ።

የአንዲት ሌሊት ነገር

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከንፋስ መውጫ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ያህል በሚርቅ ቀበሌ ነው። የኤሌክትሪክ መሥመር ስላልደረሰልን የምንጠቀመው በፀሐይ በሚሞላ፣ በገጠር «ሶላር» እየተባለ በሚጠራው መብራት ነው። እኔ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ በከተማ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፤ ዓርብ ማታ ወደ አገር ቤት እሄዳለሁ፣ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ሶላሩን የመጠበቁም ሥራ «የተማረው እርሱ ነው» ተብሎ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ላማችን ምጥ ያዛት። አባቴ ወደ በረቱ ከመግባቱ በፊት «መብራቱ ሞልቷል?» ሲል ጠየቀኝ። በቀን አረንጓዴዋ ምልክት በርታ አይቻት ስለ ነበር «አዎን፣ ሙሉ ነው» አልሁት። የጥጃው አንደኛው የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ስለ ነበር አባቴ እጁን አስገብቶ እግሩን ለማቅናት ብርሃን በጣም አስፈለገው፤ እኔም መብራቱን በከፍተኛው ብርሃን አድርጌ ያዝሁለት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቈየን መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ድርግም ብሎ ጠፋ። የስልኬም ባትሪ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ነበርና ጥቂት ደቂቃ ብቻ አብርቶ ተዘጋ። ታናሽ ወንድሜ ሮጦ ጎረቤታችን የእጅ ባትሪ ይዘው እስኪደርሱና አባቴ ሥራውን እስኪፈጽም ድረስ አንድ ሰዓት አለፈ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ጥጃው ወጣ፤ ነገር ግን ሞቶ ነበር።

ላሟ ዳነች። ሆኖም የአገራችን ላም ጥጃዋን በአጠገቧ ካላየች ወተቷን በቀላሉ እንደማትለቅ ወላጆቻችን ሁሉ ያውቃሉ። እናቴ ብዙ ቀን ደክማ በመጨረሻ ተወችው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ታናሽ እኅቴ የምትጠጣው ወተት ቀረ፤ ተሽጦ ለእኔ የቤት ኪራይ የሚሆነውም ቅቤ አብሮ ቀረ። አባቴ አልተቈጣኝም። «ሙሉ ነው አላልኸኝም?» ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝና ዝም አለ። እኔም የምመልሰው ነገር አልነበረኝም፤ ምክንያቱም መብራቱ በእውነት ሙሉ ነበር።

ሙሉ ማለት ብዙ ማለት አይደለም

ሰኞ ዕለት ወደ ትምህርት ቤት እንደ ተመለስሁ ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን አጫወትኋቸው። እርሳቸውም ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ። «በታቹ ጭቃና ጠጠር የተከማቸበት እንስራ ወደ ምንጭ ወርዶ ቢቀዳበት አፉ ድረስ ይሞላል ወይስ አይሞላም?» አሉኝ። «ይሞላል» አልኋቸው። «ታዲያ ከአዲሱ እንስራ እኩል ውሃ ይሰጣልን?» ሲሉ ጨመሩ። ነገሩ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

አረንጓዴዋ ምልክት የምትነግረን እንስራው አፉ ድረስ መሙላቱን ብቻ ነው። እንስራው ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ግን አትነግረንም። አዲስ ባትሪ ሲሞላም አረንጓዴ ያበራል፤ ያረጀ ባትሪ ሲሞላም እንዲሁ ያበራል። እንዲያውም ያረጀው የሚይዘው ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይሞላና አረንጓዴውን ከአዲሱ ቀድሞ ያሳያል። ብዙ ሰዎች «የእኔስ ሶላር በጥቂት ሰዓት ይሞላል» እያሉ ሲመኩ ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን አንዳንድ ጊዜ የእርጅና ምልክት እንጂ የብርታት ምልክት አይደለም።

ባትሪ የሚይዘው መጠን የሚለካው በአምፔር ሰዓት ወይም በሺኛው ክፍል በሚሊአምፔር ሰዓት ነው። በባትሪው ላይ 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ፣ 300 ሚሊአምፔር የሚስብ መብራት ለ10 ሰዓት ሊያበራ ይችላል ማለት ነው።

ባትሪ ለምን ያረጃል?

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1800 ለዓለም ካሳወቀ በኋላ፣ ተመልሶ ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። የስዊድኑ ዋልዴማር ዩንግነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የኒኬልና የካድሚየምን ባትሪ አስገኘ። ዛሬ በስልኮቻችንና በብዙዎቹ ሶላሮች ውስጥ ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ለዚህም ሥራ ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የእነዚህ ሁሉ አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጥ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ይለወጣሉ፤ ስንሞላው ደግሞ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን ምላሹ ፍጹም አይደለም። በእርሳሱ ባትሪ ውስጥ፣ በተለይ ባዶውን ብዙ ቀን ሲቀመጥ፣ ሰልፌት የሚባለው ጨው ጠጥሮ ሳህኖቹን ይሸፍናቸዋል። በኒኬሉ ባትሪ ውስጥ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይደርቃል። በሊቲየሙ ውስጥ ደግሞ ስስ ሽፋን እየወፈረ ሄዶ ሊሠራ ከሚችለው ሊቲየም ይቀንሳል።

ከዚህ የተነሣ በባትሪው ላይ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው የሚይዘው መጠን ማነሱ ነው። ሁለተኛው በውስጡ የሚያግደው ኀይል፣ ማለት ሬዚስታንሱ መጨመሩ ነው። በሁለተኛው ምክንያት ያረጀ ባትሪ ቀላል ሥራ ሲሰጡት ደህና ይመስላል፤ ከባድ ሥራ ሲሰጡት ግን ቮልቱ ወዲያው ይወርድና ይዘጋል። ያረጀ በሬ በሜዳ ሲሄድ ከጎልማሳው አይለይም፤ ድካሙ የሚታወቀው ቀንበር ሲጫንበት ነው።

እንዴት እንደ ለካሁ

መምህራችን በፈቀዱልኝ መሠረት ሶላሩን ወደ ትምህርት ቤት አምጥቼ በመልቲሜትር ለካነው። በባትሪው ላይ 3.2 ቮልትና 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ተጽፏል። መብራቱ በመካከለኛው ብርሃን 300፣ በከፍተኛው ብርሃን 900 ሚሊአምፔር ይስብ ነበር። ከዚያም ቅዳሜ ከጧት ጀምሮ በጥሩ ፀሐይ ሞላሁትና ከምሽቱ ልክ በ12 ሰዓት በመካከለኛው ብርሃን አብርቼ እስኪጠፋ ድረስ ሰዓት ይዤ ጠበቅሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሜ ብሞክረው ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል በ300 ሲባዛ 1050 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። ይህም ከ3000 ውስጥ 35 በመቶ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተገዛው ሶላራችን ሳናውቀው ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛ ያህል አጥቷል ማለት ነው።

ለምን አላወቅንም? በየዕለቱ የምናበራው ለእራት ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ነበረ ነው። ለሁለት ሰዓት 600 ሚሊአምፔር ሰዓት ይበቃል፤ ያን ደግሞ ያረጀውም ባትሪ ይሰጣል። ነገሩ የተገለጠው ከእራት በኋላ ሌላ ችግር በመጣባት ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት ከእራት በኋላ የቀረውን በ900 ባካፍለው የሚከተለውን አገኘሁ።

ባትሪው አዲስ ቢሆን፦ 3000 ሲቀነስ 600፣ ቀሪው 2400፤ በከፍተኛ ብርሃን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

አቅሙ 80 በመቶ ቢሆን፦ 2400 ሲቀነስ 600፣ ቀሪው 1800፤ 2 ሰዓት።

አቅሙ 60 በመቶ ቢሆን፦ 1800 ሲቀነስ 600፣ ቀሪው 1200፤ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

አቅሙ 35 በመቶ ሲሆን፦ 1050 ሲቀነስ 600፣ ቀሪው 450፤ 30 ደቂቃ።

ላሟ የተጨነቀችው ለአንድ ሰዓት ተኩል ነበር። እንግዲህ ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሳለ ለውጠነው ቢሆን ኖሮ መብራቱ እስከ መጨረሻው ባበራ ነበር፤ 60 በመቶ ላይ እንኳ አሥር ደቂቃ ይጐድለዋል። ይህን ሂሳብ በደብተሬ ላይ ስጽፍ እጄ እንደ ከበደኝ አልደብቅም። ይሁን እንጂ ብርሃን ቢኖር ጥጃው በእርግጥ ይድን ነበር አልልም፤ አባቴ ግን በጨለማ አይዳክርም ነበር።

ሰማንያ በመቶ የሚለው ልክ ከየት መጣ?

80 በመቶ የሚለውን ልክ እኔ የፈጠርሁት አይደለም፤ የባትሪ ሠሪዎችና ባለሙያዎች ዘወትር የሚጠቀሙበት ነው። ይህን ልክ ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው ከሚጠብቁት መካከል በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ለጨዋታና ለውድድር የሚያበሩ ሰዎች ይገኛሉ። በሳይንስ ክበባችን ከካርቶን የአውሮፕላን ቅርጽ ስንሠራ ሳለን መምህራችን የእነርሱን ልማድ አስረድተውናል።

በእንዲህ ያለው አውሮፕላን ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ሬዲዮና ክንፉንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች ኀይል የሚያገኙት ከባትሪ ነው። ባትሪው በአየር ላይ ቢደክም ባለቤቱ ከምድር ሆኖ ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም፤ አውሮፕላኑ ይወድቃል፣ በሰውም ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ባትሪው እስኪሞት አይጠብቁም። ሲገዙት ቀኑን በላዩ ይጽፋሉ፤ በየጊዜው ሞልተው በሚለካ ጭነት ያወርዱትና የሰጠውን መጠን ይመዘግባሉ፤ ከተጻፈበት ልክ ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ በደህናው ቀን አውጥተው ይለውጡታል።

እኛ ግን አውሮፕላን አናበርም፤ ገንዘባችንም ጥቂት ነው። ባትሪ ሁሉ 80 በመቶ ላይ ይጣል ብል ለብዙ ቤተሰብ የማይሆን ምክር እሰጣለሁ። ስለዚህ ለእኛ ኑሮ የሚስማማው ደንብ እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል እላለሁ። በመጀመሪያ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የከፋችውን ሌሊት አስቡ፤ የሚወልድ ሰው ወይም ከብት፣ የሚታመም ሕፃን፣ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ለዚያች ሌሊት ስንት ሰዓት ብርሃን እንደሚያስፈልግ ቍጠሩ፤ በዚያም ላይ ሲሦውን ለመጠባበቂያ ጨምሩ። ቀጥሎ መብራታችሁን ለክታችሁ የሚሰጠው ሰዓት ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪውን ለውጡ። የመለወጫውን ቀን የሚወስነው የተገዛበት ዓመት ብቻ አይደለም፤ አረንጓዴዋም ምልክት አይደለችም፤ የለካችሁት ሰዓት ነው።

ከዚህ ሥራ የተሻረውም ባትሪ፣ ካላበጠና ካልጋለ፣ ወዲያው አይጣልም። ያረጀ በሬ ከእርሻ ቢወጣ ቀላል ሥራ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የደከመውም ባትሪ ቢጠፋ ጉዳት ለማያመጣ ሥራ ሊውል ይችላል።

በየዓይነቱ የሚታዩ የእርጅና ምልክቶች

1ኛ፣ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ። ይህ በመኪና፣ በባጃጅና በትልልቅ ሶላሮች ላይ የሚገኘው ነው። ባለ 12 ቮልቱ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት። ሌሊቱን ምንም ሳይሠራ አድሮ ጧት በጣም ወርዶ ቢገኝ ደክሟል። ሞተር ሲነሣ ቮልቱ ከ9.6 በታች የሚወድቅ ከሆነም የመለወጫው ጊዜ ደርሷል። የከተማችን የባጃጅ ነጂዎች በብርድ ጧት ባጃጃቸውን ሲገፉ የምናየው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳኑ የሚከፈተውን ዓይነት የተጣራ ውሃ በመጨመር ዕድሜውን ማርዘም ይቻላል፤ የምንጭ ውሃ ግን በውስጡ ጨው ስላለበት አይጨመርም።

2ኛ፣ የኒኬል ባትሪ። ይህ በመልኩ ከተለመደው የባትሪ ድንጋይ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ቮልት 1.5 ሳይሆን 1.2 ነው። በአንድ ሬዲዮ ውስጥ አራት ሆነው ሲገቡ አንደኛው ከደከመ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። አሮጌና አዲስ ቀላቅሎ ማስገባት ጎልማሳና ሽማግሌ በሬ በአንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው፤ ደካማው ከልኩ በላይ ይጨነቃል፣ ብርቱውም ድካሙ በከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የሚለወጡት ሁሉም በአንድነት ነው። ሞልቶ ሳምንት ሳይቆይ ራሱን የሚያራቍት ደግሞ አገልግሎቱን ጨርሷል።

3ኛ፣ የሊቲየም ባትሪ። የስልካችሁ ቍጥር ከ30 በመቶ በድንገት ወርዶ ስልኩ የሚዘጋ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል። ካበጠ ግን ነገሩ የእርጅና ብቻ አይደለም። የስልኩን ጀርባ የሚገፋ፣ ሲሞላ በእጅ የማይያዝ ያህል የሚግል፣ ወይም የኬሚካል ሽታ የሚሸት ባትሪ በዚያው ሰዓት ከአገልግሎት ይውጣ። በሚስማር መብሳት፣ መቀጥቀጥ ወይም እሳት አጠገብ ማኖር ሊያቃጥለው ይችላል። ብዙዎቻችን የደከመ የባትሪ ድንጋይ በጥርስ ነክሰን ወይም ፀሐይ ላይ አስጥተን ለጥቂት ጊዜ እንደምናሠራው አውቃለሁ። ያን ልማድ በሊቲየም ላይ የሚያደርግ ሰው ግን በራሱ ላይ አደጋ ይጠራል።

ባትሪውን ከመፍረድ በፊት

ፍርድ ያለ ምስክር አይሰጥምና፣ ባትሪው አርጅቷል ከማለታችን በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፀሐይ የሚቀበለው ሳህን ነው። አቧራና የቤት ጢስ ሲሸፍነው፣ ጥላም ሲያርፍበት ባትሪው አይሞላም። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲውል ደግሞ ከአዲስ ባትሪም ብዙ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሽቦውን አጥብቆ፣ ብራ በሆነ ቀን ሞልቶ መለካት ይገባል። እኔም ያን ካደረግሁ በኋላ ነው የፈረድሁት።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ንፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው የነፋስ በር ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይም ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ባትሪ ሁሉ አቅሙ ለጊዜው ያንሳል፤ ሲሞቅ ግን ይመለስለታል። ስለዚህ ልኬት በቤት ውስጥ፣ ሁልጊዜም በተመሳሳይ ሁኔታ ይደረግ። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቢሞላ በውስጡ የማይድን ጉዳት ይደርስበታል። ስለዚህ መብራቱን ውጭ አሳድሮ ውርጩ ሳይለቅ መሙላት አይገባም፤ ቤት አሳድሮ ፀሐይ ሞቅ ሲል ማውጣት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ብዙ ሙቀት ባትሪን ፈጥኖ ያስረጃል፤ ሳህኑ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ መብራቱ ግን ሽቦው እስከ ፈቀደ ድረስ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ሲለወጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ብዙ ሰው ሶላሩ ሲደክምበት መብራቱን በሙሉ ይጥለዋል። ሳህኑ ግን ከባትሪው ይልቅ ብዙ ዓመት የሚኖር ነው፤ አምፖሉም እንዲሁ ነው። ዓይኑ የታመመ ሰው አንገቱ አይቈረጥም። በከተማችን ስልክና ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች ባትሪውን ብቻ ሊለውጡት ይችላሉ።

አዲሱ ግን በቮልቱና በዓይነቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። የሊቲየም ባትሪ ሁለት ዓይነት በገበያ ይገኛል፤ አንዱ 3.2፣ ሌላው 3.7 ቮልት ተብሎ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ሲሞላ የሚቆመው በ3.65፣ ሁለተኛው በ4.2 ቮልት ነው። ባለ 3.2ቱ በባለ 3.7ቱ ቤት ቢገባ ከልኩ በላይ ይሞላና አደጋ ያመጣል፤ በተቃራኒው ቢገባ ደግሞ ሳይሞላ ይቀራል።

በጽሑፉም አትታለሉ። ወፍራም ጣት የሚያህለው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ባትሪ በአሁኑ ዘመን የሚይዘው ቢበዛ ወደ 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢጠጋ ነው። በላዩ 9900 ተብሎ ተጽፎበት ብታዩ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ዕወቁ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ገዝቼ ብለካው 1000 እንኳ አልሞላም። ደህናው ክብደቱ ወደ 45 ግራም ይጠጋል፤ በጣም የሚቀል ከሆነ መጠርጠር ነው።

አሮጌውስ የት ይጣል? በየትምህርት ቤቱ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ ጥቁሩ ዱቄት ጥቁር ሰሌዳ ሲቀባበት ኖሯል። እየተሞላ የሚሠራውን ባትሪ ግን ለእንዲህ ያለ ሥራ ማንም እንዳይሰብረው እለምናለሁ። ካድሚየም መርዝ ነው፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ሊቲየም ይቃጠላል። የእርሳሱ ባትሪ እንደ ገና ቀልጦ ስለሚሠራበት የሚገዛው አይጠፋም፤ አሲዱን በጓሮ ሳያፈሱ እንዳለ መሸጥ ነው። ትንንሾቹን ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ስፍራ አኑሮ፣ ለሚረከብ ባለሙያ መስጠት ይሻላል እንጂ ወደ እሳትና ወደ ወንዝ መጣል አይገባም።

መደምደሚያ

ይህ ትምህርት ለእኛ ትውልድ ከሶላርም አልፎ የሚሄድ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙራለች። ብዙዎቹ የእነዚህ መኪናዎች ሠሪዎች ለባትሪው ዋስትና የሚሰጡት ለ8 ዓመት ያህል ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ቢወርድ ሊጠግኑት ወይም ሊለውጡት ነው። እንግዲህ ነገ መኪና የሚገዛውም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ በበረታችን ከተጠየቀው የተለየ አይደለም። ሙሉ ነው ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ሲሞላ ምን ያህል ይይዛል ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

እኛ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ለሶላራችን አዲስ ባትሪ አስገባንለት። ቀኑን በላዩ ጻፍሁበት፤ በመጀመሪያው ልኬት 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አበራ። በምሰሶው ላይ አንዲት ትንሽ ደብተር ሰቅያለሁ፤ በየሦስት ወሩ እስኪጠፋ አብርተን ሰዓቱን እንጽፍባታለን። እኔ በከተማ ስሆን የምትጽፈው ታናሽ እኅቴ ናት። ለዘወትር እራት የምንጠቀመውም ከአሮጌው ባትሪ በሠራናት ታናሽ መብራት ሆኗል፤ ትልቁን ለክፉ ሌሊት እናቈየዋለን።

ላማችን አሁን ደግሞ ከብዳለች። ባለፈው ቅዳሜ አባቴ እንደ ቀድሞው «መብራቱ ሞልቷል?» አላለኝም። ደብተሯን ከምሰሶው አውርዶ ሰጠኝና «ስንት ሰዓት ይላል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም አነበብሁለት፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይላል።

ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለበጎቹ አይረባም። መብራታችሁን በሰላሙ ሌሊት ለኩት።